የሙዝ ዘር የት ገባ? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባለፈው ስለ ቤት ውስጥ ተክሎች ስጽፍ “ሙዝም ከዘር ይበቅላል” ብዬ በአንዲት ዓረፍተ ነገር አልፌ ነበር። ያቺ ዓረፍተ ነገር ጣጣ አመጣችብኝ። ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ እያደረግሁ መልስ እነሆ።

“ሙዝ ስበላ መሃሉ ላይ ያሉትን ጥቋቁር ነጠብጣቦች በመርፌ ለቅሜ ዘራኋቸው። ሁለት ወር አለፈ፣ አንድም አልወጣ። ምን አጠፋሁ?”

ምንም አላጠፉም። የዘሩት ነገር ዘር አልነበረም እንጂ። እነዚያ ነጠብጣቦች ዘር ለመሆን ጀምረው መንገድ ላይ የቀሩ ናቸው። የዱር ሙዝ በሴሉ ውስጥ ሁለት ረድፍ ክሮሞዞም፣ በድምሩ 22 አለው። ገዝተን የምንበላው ሙዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ረድፍ፣ ማለትም 33 ነው ያለው። ዘር ለመሥራት ክሮሞዞሞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እኩል መከፈል አለባቸው፤ ሦስቱ ረድፍ ለሁለት አልካፈል ይላል። ፍሬው ደግሞ ያለ ርክበ ብናኝም ቢሆን ያብጣል፣ ይሞላል። ለበላተኛ ደስ የሚል፣ ለዘሪ የሚያናድድ ነገር ነው።

ስለዚህ ይህ ሙዝ የሚራባው ከእናቲቱ ሥር የሚወጡትን ልጆች እየነቀሉ በመትከል፣ ወይም በላቦራቶሪ በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ከተክሉ ቁራጭ ወስዶ በማብቀል ነው። ዛሬ በዓለም ገበያ የነገሠው ካቨንዲሽ የሚባለው ሙዝ ሁሉ የአንድ ተክል ቅጂ እንደማለት ነው። መዘዙም እዚያው ላይ ነው። ከእሱ በፊት ነግሦ የነበረውን ግሮስ ሚሼልን የፓናማ በሽታ የሚባለው የአፈር ፈንገስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከንግድ እርሻዎች ጠራርጎ ሲያወጣው አንዱን የገደለው ሁሉንም ገደለ፤ ሁሉም አንድ ስለነበሩ።

“ታዲያ የምን ዘር ልግዛ? ኢንተርኔት ላይ የሰማያዊ ሙዝ ዘር የሚሸጡ አይቻለሁ።”

እባክዎ ገንዘብዎን ይያዙ። ብሉ ጃቫ የሚባል ሙዝ በእርግጥ አለ፤ ሳይበስል ልጣጩ ብርማ ሰማያዊ ጥላ ያጠላበታል፣ ሲበስል ግን እንደማንኛውም ሙዝ ይቢጫል። ያ ሰማይ የመሰለ ፎቶ በኮምፒውተር የተቀባ ነው። ከዚህም በላይ ብሉ ጃቫ ራሱ ባለ ሦስት ረድፍ ነው፤ የሚሸጥ ዘር የለውም። ፖስታው ውስጥ የሚመጣልዎት የሌላ ነገር ዘር ነው።

ሻጩ ሳይንሳዊ ስሙን ካልጻፈ አይግዙ። ለጀማሪ ሙሳ ቬሉቲናን እመክራለሁ። ቁመቱ ከሰው ብዙም አይርቅም፣ ከሌሎቹ ይልቅ ቶሎ ይበቅላል፣ ሮዝ ቀለም ያለው ጸጉራም ፍሬው ሲበስል ራሱን በራሱ ይላጣል። ሙሳ ባስጆ ብርድ ይችላል። እንሰትም አንዳንዴ “የጌጥ ሙዝ” ተብሎ ይሸጣል፤ ዘመድ ነው እንጂ ሙዝ አይደለም፣ እንደ ሙዝም በራሱ ጊዜ ዙሪያውን ልጅ አያወጣም።

“ትክክለኛ ዘር አግኝቻለሁ። ከዚህ ወዲያስ?”

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ስለላከው ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

የሙዝ ዘር እጅ ላይ ሲይዙት ጠጠር እንጂ ዘር አይመስልም። ጥቁር፣ ቅርጹ የተጣመመ፣ ከቁንዶ በርበሬ ከፍ የሚል፣ ጠረጴዛ ላይ ሲጥሉት ቀጭ የሚል ነው። አገላብጠው ቢያዩት በአንድ በኩል እንደ እምብርት ጎድጎድ ያለች ነጥብ አለችው። ጽንሱ የተቀመጠው ከእሷ ክዳን ሥር ነው፤ ሲበቅልም ክዳኗን ገፍቶ በዚያው ይወጣል። ስለዚህ ልጣጩን በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ማሳሳት ከፈለጉ ከእምብርቷ ራቅ ብለው በጎኑ፣ ያውም ትንሽ ብቻ። ነጩን ክፍል ካዩ አልፈው ሄደዋል ማለት ነው።

ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይዘፍዝፉት፤ ውሃውን በመካከል ይቀይሩ። የተንሳፈፈው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ሳልጥል ለብቻው እዘራዋለሁ።

አፈሩ ግማሽ ኮምፖስት፣ ግማሽ ሸካራ አሸዋ ይሁን። ጨብጠው ሲጨምቁት ቅርጹን ከያዘና ውሃ ካላንጠባጠበ እርጥበቱ በቂ ነው። ዘሩን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀብረው ማሰሮውን በስስ ፕላስቲክ ይሸፍኑት።

ብዙ ሰው የሚስተው ሙቀቱን ነው። “ሙዝ ሙቀት ይወዳል” ብለው ሌት ተቀን እኩል ያሞቁታል። ጫካ ውስጥ የዱር ሙዝ የሚበቅለው ዛፍ ወድቆ ፀሐይ መሬቱን ባገኘበት ክፍት ቦታ ነው፤ እዚያ አፈሩ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ብዙው የሙዝ ዘር የሚነቃው በዚህ ልዩነት ነው። ቀን ከ30 እስከ 35፣ ሌሊት ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢሆንለት ጥሩ ነው። ከማሰሮው ሥር የሚነጠፍ ማሞቂያ ካለዎት ቀን ያብሩት፣ ማታ ያጥፉት። ፕላስቲክ የለበሰውን ማሰሮ ግን በቀጥታ ፀሐይ ላይ አያስቀምጡ፤ ዘሩ ይቀቀላል።

“ሦስት ወር ጠበቅሁ። ልጣለው?”

አይጣሉት! እኔ ጥዬ አይቻለሁ። ከ10 ዘር ሁለቱ በአምስተኛው ሳምንት ወጡልኝ፤ ሦስት ወር ሲሞላ ተስፋ ቆርጬ ችግኞቹን አዛወርኩና የቀረውን አፈር ጓሮ ጥግ ደፋሁት። ከርሞ ከርሞ እዚያው አረም ስነቅል እንደ ሲጋራ የተጠቀለለች አረንጓዴ ቅጠል እጄ ላይ መጣች፤ ሥሯ ላይ የዚያ ጥቁር ጠጠር ቅርፊት ተንጠልጥሏል። ነቅዬ ገደልኳት። የሙዝ ዘር አንድ ላይ አይወጣም፤ አንዱ በሦስት ሳምንት፣ ሌላው በስድስት ወር ሊሆን ይችላል።

“ችግኜ ወጥቶ በሳምንቱ ከአፈሩ ጋር ትክክል ተቆርጦ ወደቀ። ትል ነው?”

ፈንገስ ይመስለኛል። ግንዱ አፈር በሚነካበት ቦታ ቀጥኖና ጠቁሮ ከሆነ በእርግጥም እሱ ነው። ቡቃያው እንደታየ ፕላስቲኩን ያንሱ፣ ውሃ የሚያጠጡት የአፈሩ ገጽ ሲደርቅ ብቻ ይሁን።

“ከዘር ያበቀልኩት ሙዝ ያፈራል? ይበላል?”

ሙቀትና ብርሃን ካገኘ ያፈራል፤ ቬሉቲና ከተመቸው በአንድ ዓመት አካባቢ ያብባል። ፍሬው ይጣፍጣል፣ ግን በዚያው ጠጠር የተሞላ ነው፤ ጥርስዎን ይጠብቁ። ፍላጎትዎ ሙዝ መብላት ከሆነ ዘሩን ይተዉትና ካፈራ ተክል ሥር ልጅ ይፈልጉ። ሲመርጡም ቅጠሉ ጠባብ፣ እንደ ጎራዴ የሾለውን ይውሰዱ። ገና ትንሽ ሆኖ ሰፊ ቅጠል የዘረጋው ለዓይን ያምራል እንጂ ከእናቲቱ ጋር ያለው ትስስር የላላ፣ ሥሩም ደካማ ነው።

“ቤት ውስጥ ያለው ሙዜ የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ሆነ፤ በረንዳ ላይ ያለው ደግሞ ተሰነጣጠቀ።”

የበረንዳውን ተዉት፤ ነፋስ ነው። የሙዝ ቅጠል በጅማቶቹ መካከል የሚቀደደው ነፋሱ ግንዱን ይዞት እንዳይሄድ ነው፣ ተክሉን አይጎዳውም። የቤቱ ግን ወይ አየሩ ደርቆበታል ወይ ውሃ ጠምቶታል። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ ደረቅ ከሆነ ከማሰሮው ሥር እስኪፈስ ያጠጡትና ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ይድፉ። እርጥብ ከሆነ ግን ማጠጫውን ያስቀምጡና ተክሉን ከማሞቂያው አጠገብ አንስተው ወደ መስኮቱ ያስጠጉት።