ኬሞ፣ ጠበል እና የሁዳዴ እንቁላል

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ41 ዓመት ሴት ነኝ፣ የሁለት ልጆች እናት። ጡቴ ላይ ካንሰር ተገኝቶብኝ ኬሞ ጀምሬአለሁ። በየ21 ቀኑ ነው የምወስደው፤ ሁለቱን ጨርሻለሁ፣ ሦስተኛው ሐሙስ ነው። ፀጉሬ ረግፏል። ሐኪሜ እንቁላልና ወተት እንዳላቋርጥ ስለነገረኝ ሁዳዴን ገድፌአለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሕሊናዬ አላረፈም። አክስቴ ደግሞ «የሚገድልሽ መድኃኒቱ ነው፤ ተይውና ጠበል ግቢ» ትለኛለች። እቆርብ ነበር፤ አሁንስ እችላለሁ? ወይስ እግዚአብሔር ተቆጥቶኝ ይሆን? ወለተ ማርያም ነኝ፣ ከአዲስ አበባ።

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ማርያም፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፦ ሐሙስ እንዳትቀሪ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራዋለን።

አክስትሽ ክፉ አስባ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ካንሰሩ ለዓይን አይታይም፤ ኬሞው ነው የሚታየው። የምንወደው ሰው ፊቱ ሲገረጣ፣ ጥፍሩ ሲጠቁር፣ የበላው ሲመለስበት ስናይ ጠላታችን መድኃኒቱ ይመስለናል። እኔም መስሎኝ ነበር። ታላቅ እህቴ በዚሁ ሕመም ኬሞ ስትወስድ አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። ከሚሰጧት አንዱ መድኃኒት እንደ ቪምቶ ቀይ ነው። የመጀመሪያው ቀን ማታ ሽንት ቤት ገብታ ጮኸች፤ ሽንቷ ቀይ ሆኖባታል። ደም መሰለንና ቤቱ በለቅሶ ተሞላ። ለካ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፤ በማግስቱ ይጠራል። አስቀድሞ የነገረን ሰው አልነበረም። በዚያች ሌሊት አክስትሽ ያለችሽን ቃል እኔው ራሴ ለእህቴ ብያታለሁ። መምህር ተብዬ! ደግነቱ አልሰማችኝም።

«መድኃኒት ተዪ» የሚሉ ሰዎች ሁለት ጥቅስ አያጡም። አንዱ ንጉሡ አሳ ነው፤ እግሩን ሲታመም ባለ መድኃኒቶችን እንጂ እግዚአብሔርን አልፈለገም (2ኛ ዜና 16፥12)። ልብ ብለሽ አንብቢው። የተነቀፈው ሐኪም ስለፈለገ ሳይሆን እግዚአብሔርን ስለተወ ነው። ሁለተኛዋ 12 ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረችው ሴት ናት፤ ገንዘቧን ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ከስክሳ አልተሻላትም። እሷንም ቢሆን ጌታ «ለምን ታከምሽ?» አላላትም፤ «ልጄ ሆይ» ነው ያላት። ታሪኩን ከጻፉልን አንዱ ደግሞ ሉቃስ ነው፤ ጳውሎስ «የተወደደው ባለ መድኃኒት» የሚለው።

የኢየሱስ ሲራክን መጽሐፍ ምዕራፍ 38 ካገኘሽ ለአክስትሽ አንብቢላት። ጸልይ ይላል፣ ንስሐ ግባ ይላል፣ መባ አቅርብ ይላል፤ ከዚያ ለሐኪሙም ቦታ ስጠው ይላል፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና። ለሞት ታምሞ የነበረውን ንጉሥ ሕዝቅያስን ተመልከቺ። እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰማ፣ 15 ዓመት ጨመረለት፣ ተስፋው በነቢይ አፍ ተነገረው። ይህ ሁሉ ሆኖ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ በቁስሉ ላይ አስደረገለት።

ይህ በእኛ አገርም የቆየ ክርክር ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜ ብዙዎች ክኒናቸውን ጥለው ጠበል ቦታ ከተሙ። በ1999 ዓ.ም. የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑና እንደማይጣሉ በግልጽ ተናገሩ። ክኒናቸውን እየዋጡ የሚጠመቁ ሰዎች ዛሬም አሉ።

ስለዚህ ጠበሉን አልከለክልሽም። አደራረጉ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልግሻል። ኬሞ ነጭ የደም ሴልን ያወርዳል፤ ብዙውን ጊዜ ዝቅ የሚለው መድኃኒቱን ከወሰድሽ ከ7 እስከ 14 ባለው ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ሌላውን ሰው የማይነካ ጀርም አንቺን አልጋ ላይ ይጥልሻል። ስለዚህ በብርድ ሌሊት በሰው መሐል ተጋፍቶ መጠመቅ፣ ያልፈላ ውኃ መጠጣት ለአሁኑ ይቅርብሽ። ካህኑ ቤትሽ መጥተው ጸሎት ያድርሱልሽ፣ ትንሽ ይርጩሽ፣ የቤተ ክርስቲያኑን እምነት (አመዱን ወይም አፈሩን) ግንባርሽን ይቀቡሽ። ቁስል ያለበት ወይም መርፌ የተሰካበት ቦታ ላይ ግን አይሁን። እኔ ለእህቴ በአምስት ሊትር ጀሪካን ጠበል ተሸክሜ ሄጄ ሐኪሙ «አትጠጣው» ሲል ተቀይሜ ነበር። በኋላ ሳስበው የጠበል ኃይል በሊትር አይለካም። ምስጢረ ቀንዲልም፣ ሕመምተኛ በተጸለየበት ዘይት የሚቀባበት ሥርዓት፣ አለልሽ፤ ያዕቆብ «የታመመ ቢኖር የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ይጥራ» ያለው ለዚህ ነው። ትኩሳትሽ 38 ከደረሰ ግን እኩለ ሌሊትም ቢሆን መጀመሪያ ሆስፒታል፤ ካህኑ እዚያ ይደርሱልሻል።

እግረ መንገዴን ሌላም ልንገርሽ። ሁለት ሦስት ኬሞ ላይ እብጠቱ ሊያንስ፣ እንዲያውም በእጅ ሲዳሰስ ሊጠፋ ይችላል። ያኔ «ድነሻል፣ መስክሪ፣ መድኃኒቱን ጣዪ» የሚል አይጠፋም። ጌታ ዐሥሩን ለምጻሞች ሲፈውስ ምን አላቸው? «ሂዱ፣ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ»። በዚያ ዘመን ለምጹ መልቀቁን አይቶ የሚያረጋግጠው ካህኑ ነበርና። አንቺም ድኛለሁ ካልሽ ለሐኪምሽ ታዪ፤ ምርመራው ይናገር። እውነተኛ ፈውስ ምርመራ አይፈራም።

አሁን ወደ እንቁላሉ። የሁዳዴ እንቁላል እንደ ድንጋይ ሕሊናሽ ላይ ተቀምጧል አይደል? ፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 ጾምን ሲያዝዝ ሕመምተኛን አያስገድድም። ጾም ጤነኛው ሥጋውን የሚያደክምበት ነው፤ ያንቺ ሥጋ ደክሟል። አሁን የምትበዪው ለሆድሽ ደስታ ሳይሆን ሰውነትሽ እንዲበረታ፣ የሚቀጥለውን ኬሞ እንድትችዪው ነው። ይህን ለንስሐ አባትሽ በአፍሽ ንገሪያቸው። አንደኛ፣ ፈቃዱን የሚሰጡሽ እሳቸው ናቸው። ሁለተኛ፣ «ይፍቱኝ» ብለሽ ስትነሺ ያ ድንጋይ ይወርድልሻል። በምትኩ አቅምሽ የሚችለውን ይሰጡሻል፤ ለአንዲት ነዳይ ምጽዋት፣ አንድ መዝሙር፣ ወይም ከዘመድ ጋር መታረቅ ሊሆን ይችላል። እንቁላሉን ግን ተደብቀሽ አትብዪው። ልጆችሽ እናታቸው መድኃኒቷን እየወሰደች እንደሆነ ይወቁ።

ቁርባንን በተመለከተ፣ መቁረብ ትችያለሽ። ቀኑን ግን ምረጪ። ከኬሞው በኋላ ባሉት ቀናት ማቅለሽለሽ አለ፤ ቅዱስ ሥጋውን ተቀብሎ ማስመለስ ደግሞ የሚያስጨንቅ ነገር ነው። በሁለተኛው ሳምንት የነጭ ደም ሴልሽ ቁጥር ይወርዳል፣ ሰው ብዛት አይመከርም። ሦስተኛው ሳምንት፣ ከሚቀጥለው ቀጠሮ በፊት ያለው፣ ብዙ ጊዜ ሰውነት የሚያገግምበት ነው። እሑዱን ከዚያ ውስጥ አስቢው። ከቁርባን በፊት 18 ሰዓቱን መጾምሽንና የጠዋት ክኒንሽን ነገር አንቺ ብቻሽን አትወስኚ፤ የንስሐ አባትሽና ሐኪምሽ ይወቁት። ለቅዳሴው ማስክ አድርጊ፣ በር አካባቢ ቁሚ፣ ሲደክምሽ ተቀመጪ። የሚገላምጥሽ ካለ እኔ ጋ ላኪው።

እግዚአብሔር ተቆጥቶኝ ይሆን ላልሽው፣ ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «ማን ኃጢአት ሠራ?» ብለው ጠይቀው ነበር። ጌታ እርሱም ወላጆቹም አይደሉም አለ። ንስሐ ሁላችንም ያስፈልገናል፤ ጤነኛው እኔም ጭምር። ካንሰሩን ግን የኃጢአትሽ ደረሰኝ አድርገሽ አትያዢው።

ስለ ፀጉርሽ ምንም አልጠየቅሽም፣ መርገፉን ብቻ ነው የነገርሽኝ። እህቴ ጠዋት ጠዋት ትራሷ ላይ የቀረውን ፀጉር በመዳፏ ሰብስባ በሶፍት ትጠቀልለው ነበር፤ መጣል ከብዷት። አንድ ቀን «የራሳችሁ ጠጉር ሁሉ እንኳ የተቈጠረ ነው» የሚለውን አነበብኩላት። «እንግዲያው ዘንድሮ ቆጠራው ቀሎለታል» ብላ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነበር።

ሐሙስ ስትሄጂ ብርድ ልብስና ነጠላሽን ያዢ፤ ክፍሉ ይበርዳል፣ ጥበቃውም ረጅም ነው። መዝሙረ ዳዊት 90ን፣ «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» የሚለውን፣ በቃልሽ ካላወቅሽው ስልክሽ ላይ ጫኚው። እህቴ ነርሷ መድኃኒቱን ከመክፈቷ በፊት «አንድ ጊዜ» ብላ ከረጢቱ ላይ ታማትብ ነበር። ነርሷም ለምዳው ቆማ ትጠብቃት ጀመር። ክርስትና ስምሽን ጽፌ ይዤዋለሁ፤ ሐሙስ ጠዋት በኪዳን ጸሎት ላይ ይነሣል። አክስትሽንም ይዘሻት ሂጂ፤ አጠገብሽ ትቀመጥ፣ ጀሪካኗ ቤት ይቆይ።