ሰው ሳይሞት ማዘን ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ከሁለት ዓመት በፊት እናቴ ስታርፍ አልቅሼ ተጽናናሁ። በቅርቡ ደግሞ 14 ዓመት ከሠራሁበት መሥሪያ ቤት ተቀነስኩ። ይኼኛው ባሰብኝ። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ጠዋት ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ እወጣለሁ። ሐዘን አምስት ደረጃ አለው ይባላል፦ መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድባቴ፣ መቀበል። እኔ ቁጣው ላይ ነኝ፤ በእግዚአብሔርም ጭምር። ሰው ሳይሞት እንዲህ ማዘን ኃጢአት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይደለም። አምስቱን ደረጃ ሐኪሟ ኤልሳቤጥ ኩብለር ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ስትጽፍ መነሻዋ ሞታቸውን የሚጠብቁ ሕሙማን ነበሩ። ለቀሪ ቤተሰብ፣ ለፍቺ፣ ለሥራ ማጣት የተሠራበት ኋላ ነው። የሚሰማህን በስሙ ለመጥራት ይረዳሃል። እንደ ትምህርት ቤት ግን አንዱን ክፍል ሳታልፍ ሌላው አትገባም ማለት አይደለም።

ዳዊትን እይ። ሕፃኑ ሲታመም ጾሞ መሬት ላይ ተኛ። ሲሞት ተነሥቶ ታጠበ፣ በላ። አገልጋዮቹ ግራ ገባቸው። ያው ዳዊት አቤሴሎም ሲሞት «ልጄ አቤሴሎም ሆይ» እያለ አልቅሶ አልወጣለትም። ስለዚህ ሥራዬን ከእናቴ አስበለጥኩ ብለህ ራስህን አትክሰስ።

ልዩነቱ ሌላ ይመስለኛል። እናትህ ስታርፍ እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ጎረቤት ንፍሮ ቀቀለ፣ ሰው አብሮህ አደረ። ቤተ ክርስቲያንም ሰልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እያለች ቀኑን ቆጠረችልህ። ጸሎቱ ለነፍሷ ቢሆንም አንተንም ደግፎ አሻግሮሃል። ከሥራ ለተቀነሰ ሰው ማን ድንኳን ይተክላል? «አይዞህ፣ ሌላ ታገኛለህ» ተብሎ ይታለፋል። (እኔም ስንቱን እንዲህ ብዬ አልፌዋለሁ።)

ቁጣውን ደግሞ በጸሎት አውጣው። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» የሚለውን መዝሙር ሰው ተማርሮ ነው የጸለየው፤ እኛም እንደግመዋለን። እንቅልፍና ምግብ ከከለከለህ ሐኪም ጋ ሂድ፤ ጸበልና ሐኪም አይጣሉም።

ያሳሰበኝ የቦርሳው ነገር ነው። ቁጣ ላይ ነኝ አልክ እንጂ እሱ እኮ መካድ ነው፤ ሁለቱም ባንድ ላይ አሉብህ። የኢዮብ ወዳጆች መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ የተቀመጡት የደረሰበትን ስለሰሙ ነው። ባለቤትህ ገና አልሰማችም። ዛሬ ማታ እራት ሲነሣ ንገራት። ቅዳሜ ደግሞ ንስሐ አባትህ ጋ ሂድ፤ ከቻልክ ሁለታችሁም።