ዳሳሾች ከማን ጋር ይደራደራሉ?

ጥያቄ፦ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ መለኪያዎች አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። «የዳሳሾች ድርድር ምልክቱን ከጫጫታው ያጣራል» ብዬ ጻፍኩ፤ ዳሳሽ ያልኩት የመሬቱን ንዝረት የሚለካውን መሣሪያ ነው። ጓደኛዬ አንብቦ «ከማን ጋር ነው የሚደራደሩት?» አለኝ። ዓረፍተ ነገሩ ምን ጎደለው?

መልስ፦ የሰዋስው ስህተት የለውም። ጓደኛዎ ግን ልክ ነው። «ድርድር» ከ«ደረደረ»ም ከ«ተደራደረ»ም ይወጣል። በየዜናው የምንሰማው ሁለተኛውን ስለሆነ አንባቢ ቶሎ የሚመጣለት የሰላም ንግግር ነው። «ረድፍ» እንዳይሉ ደግሞ ዳሳሾቹ የግድ በመስመር አይቆሙም። ኖርዌይ ውስጥ የተተከለውን ኖሬስ የተባለ ጣቢያ ይውሰዱ። ዳሳሾቹ 25 ቦታ ላይ ነበሩ፤ አንዱ መሀል፣ ሌሎቹ በአራት ክቦች ዙሪያውን። ስለዚህ «የተደረደሩ ዳሳሾች» ይበሉ። ግሱ እንዲህ ሲገለጥ ብዥታው ይጠፋል። «በገና ደረደረ» ሲባል ማን ሽምግልና ትዝ ይለዋል?

«ጫጫታ» ያስኬዳል። ብቻ መጀመሪያ ላይ ጆሮ የሚሰማው ነገር አለመሆኑን ይንገሩ። የባሕር ማዕበል፣ ነፋስና መኪና መሬቱን ሳያቋርጡ የሚያነዝሩት ንዝረት ነው።

እኔን የከነከነኝ «ያጣራል» ነው። ውሃ ስናጣራ ጉድፉ ከውሃው ስለሚለይ ማጣሪያው ላይ ይቀራል። ለዚህ የሚቀርብ ሥራ በዚህ ሙያም አለ፤ ፈጣኑን ንዝረት ከዝግተኛው መለየት። እሱን «ማጣራት» ይበሉት። ችግሩ ጫጫታውና ምልክቱ እኩል ፍጥነት ሲወዛወዙ ነው። ያኔ ማጣሪያ አይረዳም። የተደረደሩት ዳሳሾች የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው። ምልክቱ፣ ማለትም ከሩቅ የመጣው የመንቀጥቀጡ ሞገድ፣ አንዱ ዳሳሽ ጋ ቀድሞ፣ ሌላው ጋ ዘግይቶ ይደርሳል። ባለሙያዎቹ መዘግየቱን አስልተው የሁሉንም መዝገብ በጊዜ ያገጣጥማሉ፤ ከዚያ ይደምራሉ። ሞገዱ በየመዝገቡ ስለሚመሳሰል እየተደመረ ይገዝፋል። ጫጫታው ግን በየቦታው የተለያየ ከሆነ እርስ በርሱ ይሸራረፋል። በ25 ዳሳሽ ምልክቱ ከጫጫታው አንጻር እስከ 5 እጥፍ ሊጎላ ይችላል፤ የ25 ስኩዌር ሩት ማለት ነው። ሰው በሚንጫጫበት ግቢ 25 ሰው እኩል «አሜን» ሲል ጥርት ብሎ እንደሚሰማው ያለ ነገር ነው። የተንጫጫውን ማንም አላስወጣውም፤ አሜኑ ነው የጎላው።

ስለዚህ እንዲህ ቢጽፉት ደስ ይለኛል፦ «የተደረደሩት ዳሳሾች ምልክቱን ከጫጫታው አጉልተው ያወጡታል።»