መብራት በጠፋ ቁጥር የሚሳሳ የጃርዲያ ካልቸር

ጥያቄ፦ ለገጣፎ አካባቢ በሚገኝ አንድ የጤና ማሠልጠኛ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ለተማሪዎች ማሳያ የሚሆን የጃርዲያ (የአንጀት ጥገኛ ተህዋስ) ካልቸር፣ ማለትም በቲዩብ ውስጥ የሚራባ ተህዋስ፣ ከሌላ ላቦራቶሪ ተቀብለን፣ በየሦስት ቀኑ ወደ አዲስ ሚዲያ (ተህዋሱ የሚያድግበት ፈሳሽ) እያዛወርን አራት ወር አቆየነው። መብራት እየጠፋ ኢንኩቤተሩ ሲቀዘቅዝ ግን ሳሳ። እንዳይጠፋብን ብለን ጥቂት ቲዩቦችን እንዳሉ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነው ፍሪዘራችን ውስጥ ብናስቀምጥም፣ ስናወጣቸው አንድም የሚንቀሳቀስ አላገኘንም። የተሳሳትነው ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ለማቀዝቀዝ ማሰባችሁ ትክክል ነበር፤ ያበላሸው አቀዘቃቀዙ ነው። በቲዩቡ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የሚባዛው ትሮፎዞይት (ንቁው የተህዋሱ ቅርጽ) እንደ ሲስቱ (ከሰውነት ውጭ የሚቆይበት ቅርጽ) ጠንካራ ቅርፊት ስለሌለው፣ መከላከያ ሳይጨመርለት በረዶ ሲሆን ይፈርሳል። ሲስቱም ቢሆን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል እንጂ ፍሪዘር አብዛኛውን ይገድለዋል።

ለማቀዝቀዝ የሚመረጠው ገና በፍጥነት በመባዛት ላይ ያለ ካልቸር ነው። ቲዩቡን በረዶ በተጨመረበት ውኃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ካቆዩ በኋላ ገልበጥ ገልበጥ ሲያደርጉት፣ ትሮፎዞይቶቹ ከመስታወቱ ለቀው ፈሳሹን እንደ ጉም ሲያደበዝዙት በዓይንዎ ያያሉ። በሴንትሪፉጅ ከሰበሰቧቸው በኋላ በጥቂት አዲስ ቀዝቃዛ ሚዲያ በጥብጠው፣ የመጨረሻ መጠኑ ከመቶ 10 እጅ ያህል እስኪሆን ድረስ ከበረዶ ጉዳት የሚከላከለውን ዲ.ኤም.ኤስ.ኦ. (DMSO) ይጨምሩ፤ ይህ ኬሚካል በሙቀት ጊዜ ለተህዋሱ መርዝ ስለሚሆንበት የሚጨመረው በቀዝቃዛው፣ ጥቂት በጥቂቱ ነው። ከዚያ በትናንሽ ብልቃጦች ይከፋፈልና ሙቀቱ በየደቂቃው በ1 ዲግሪ ገደማ እየቀነሰ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይድረስ። ዝግታው የሚያስፈልገው ውኃው በሕዋሱ ውስጥ በረዶ ከመሆኑ በፊት ቀስ እያለ እንዲወጣ ነው።

ለረጅም ጊዜ የሚያስተማምነው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሆነው ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ እንደ እናንተ ላለ ላቦራቶሪ ትልቁ ጥቅሙ መብራት አለመፈለጉ ነው። ሩቅ የሚፈለግ ነገር አድርገው አይዩት፤ ቃሊቲ በሚገኘው የሰው ሠራሽ ማዳቀል ማዕከል የኮርማ ዘር የሚጠበቀው በዚሁ ነው፤ የማዳቀል ባለሙያዎችም በየገጠሩ ይዘውት ይዞራሉ። እየተነነ ስለሚያልቅ በጊዜው ይሞላ፤ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ኦክስጅን አሳጥቶ ሰው ሊገድል ይችላል። ብልቃጦቹም ከፈሳሹ በላይ ባለው ትነት ውስጥ ቢቀመጡ ይመረጣል፤ ፈሳሹ ወደ ውስጥ የሰረገበት ብልቃጥ ሲሞቅ ሊፈነዳ ይችላልና።

ማቅለጡ የማቀዝቀዙ ተቃራኒ ነው፤ መፍጠን አለበት። ብልቃጡን በ37 ዲግሪ ውኃ ውስጥ እያወዛወዙ፣ በመሐሉ የጤፍ ፍሬ የምታህል በረዶ ስትቀር አውጥተው ወዲያውኑ ወደ ሞቀ ሚዲያ ያዛውሩት። ሚዲያውን አልጠቀሱልንም እንጂ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ለአሜባ የተዘጋጀው ቲዋይአይ-ኤስ-33 ለጃርዲያ የሚስማማው ሐሞት ሲጨመርበት ነው፤ የተህዋሱ መኖሪያ ሐሞት የሚፈስበት የላይኛው ቀጭን አንጀት መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ኦክስጅን ስለማይወድም ቲዩቡ እስከ አንገቱ ይሞላ።

ካቀዘቀዙ ከጥቂት ቀናት በኋላ አንዱን ብልቃጥ አቅልጠው ይፈትኑ፤ እስከዚያ ድረስ ኢንኩቤተር ውስጥ ያለውን ካልቸር ማዛወርዎን አያቋርጡ። በመጀመሪያው ቀን በግድግዳው ላይ የሚያገኙት እዚህም እዚያም ጥቂት ብቻ ቢሆን፣ ሚዲያውን ቀይረው ሦስት አራት ቀን ሳይጠብቁ ቲዩቡን አይጣሉት።