ጥያቄና መልስ፦ ከአሳማ ህዋስ የተሠራ ቆሽት ለክርስቲያን ይፈቀዳልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው አራት ኪሎ ነው። የ14 ዓመት ልጄ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ስላለባት በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች። በውጭ አገር ከአሳማ ህዋስ ሰው ሠራሽ ቆሽት እየተሠራ ነው ሲባል ሰማሁ። አንድ ቀን ለእኛም ቢደርስና ልጄ ብትቀበለው ትረክሳለች? ከቅዱስ ቁርባንስ ያግዳታል? ጎረቤቴ ደግሞ «ይህን ከምትጠብቂ መርፌውን አስቁሚና ጸበል አስገቢያት» ትለኛለች።

መልስ፦ እኅታችን፣ በጎረቤትዎ ምክር ልጀምር፤ የአሳማው ጉዳይ ቀን ይሰጣል፣ ይህኛው ግን አይሰጥም። እባክዎ መርፌውን አያስቁሙ። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ሰውነት ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የገዛ ቆሽቱን ህዋሳት የሚያጠፋበት ሕመም ነው። ኢንሱሊን ሲቋረጥ ደም አሲዳማ ይሆናል፤ ልጅቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ልትሞት ትችላለች።

ጸበሉን ተዉት አላልኩም። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ ሲያለቅስ እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰማ፣ በዕድሜውም ላይ 15 ዓመት ጨመረለት። ተስፋው ከተሰጠ በኋላ እንኳ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ (ኢሳ. 38፥21)። ጸሎቱ ተሰምቷልና መድኃኒቱ ይቅር አላለም! ሲራክም በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ያስተምራል። ስለዚህ ወደ እንጦጦ ለጸበል ስትወጡ ኢንሱሊኑ አብሯችሁ ይውጣ፤ ስኳሯ ድንገት ቢወርድ የምትቀምሰው ጣፋጭ ነገርም ከቦርሳዋ አይጥፋ።

አሁን ወደ ቆሽቱ። ሐሳቡ ሕያዋን ህዋሳትን ከባሕር አረም በሚገኝ ዝልግልግ ነገር ወይም በሌላ ስስ ሽፋን ጠቅልሎ በሰውነት ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሽፋኑ እንደ ወንፊት ነው፦ ስኳር፣ ኦክስጅንና ኢንሱሊን ያልፉበታል፤ ባዕድ የሚያጠቁት የሰውነት ተከላካይ ህዋሳት ግን አያልፉም። በ1980 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ ታይቷል፤ በኒው ዚላንድም የአሳማ ህዋስ በሰዎች ላይ ተሞክሯል። ሽፋኑ በጠባሳ እየተከበበ ህዋሳቱ ኦክስጅን ማጣታቸው እስከ ዛሬ ያስቸግራል። ስለዚህ ተስፋ ያድርጉ እንጂ ነገ ይደርሳል ብለው አይጠብቁ።

አሳማ አንበላም፤ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው፣ እኔም እጠብቀዋለሁ። ሥርዓቱ የተሠራው ግን ለመብል ነው። ስለ ሕክምና ከሆነ፣ የሰው ኢንሱሊን በፋብሪካ መመረት እስከ ተጀመረበት እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ኢንሱሊን የሚወጣው ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ነበር። በጥር 1922 እ.ኤ.አ. በቶሮንቶ የመጀመሪያውን መርፌ የወሰደው ሊዮናርድ ቶምሰን የልጅዎ እኩያ ነበር፤ ሞት ደጁ ላይ ቆሞ ሳለ በከብት ቆሽት ጭማቂ ተርፎ 13 ዓመት ኖረ። ከእርሱ በኋላ ስንት ሕፃናት በአሳማው ኢንሱሊን አድገዋል! ጌታችን ሰውን የሚያረክሰው ከልቡ የሚወጣው ነው ብሏል (ማር. 7፥20)። ሕይወቷን ለማትረፍ ከቆዳዋ ሥር የተቀመጠ ህዋስ ልጅዎን አያረክሳትም፤ ከቁርባንም አያግዳትም።

እኔን ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዛሬ ብዙው ጥናት ከአሳማ ወደ ሰው ግንደ ህዋስ፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ ሊያድግ ወደሚችል መነሻ ህዋስ፣ ዞሯል። በ2025 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከዚህ የተሠራ ህዋስ ከተሰጣቸው 12 ታካሚዎች 10ሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ኢንሱሊን መወጋት አቁመዋል፤ ሆኖም የሰውነታቸውን የመከላከል አቅም የሚያዳክም መድኃኒት መውሰድ ነበረባቸው። ከእነዚህ ህዋሳት አንዳንዶቹ መነሻቸው ከሰው ፅንስ ነው። ሰው ከተፀነሰ ጀምሮ ሰው ነው ብለን ለምናምን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ከታካሚዋ ከራሷ የስብ ህዋስ የተሠራም አለ፤ በ2024 እ.ኤ.አ. በቻይና አንዲት ሴት ላይ መሳካቱ ተነግሯል። እንግዲህ ቀኑ ሲደርስ ሐኪሙን «ከአሳማ ነው ወይ?» ከማለትዎ በፊት «ህዋሱ ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቁ። ምርጫ ካለ ከራሷ የተሠራውን ይምረጡ።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ ቁርባንን ስላነሡ ነው። ከቁርባን በፊት የሚጾመው 18 ሰዓት ለልጅዎ አደጋ ሊኖረው ይችላል። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም ሲደነግግ ለታመመ ሰው ያዝናል፤ ስለዚህ ሐኪሟ የሚላትን ይዛችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ፣ እርሳቸው ይወስኑላችኋል። በቅዳሴ መካከል እጇ ቢንቀጠቀጥ፣ ላብ ቢያሰጥማት ወይም ንግግሯ ቢተሳሰር ግን ማንንም ሳትጠይቁ ወዲያው ጣፋጭ ስጧት። የዚያን ቀን ባትቆርብ በሌላ ቀን ትቆርባለች።