ሁሌ 25 የሚቀንሰው ለምንድነው?

ሰሞኑን አንድ ወጣት ጻፈልኝ። የቼዝ ፕሮግራም እየሠራ ነው። «የፍለጋ መስኮቱን ሳጠበው ፕሮግራሜ ይፈጥናል፤ ግን አንዳንዴ ንግሥቲቱን ዝም ብሎ ያስበላል» ይላል። የፍለጋ መስኮት ማለት ፕሮግራሙ እርምጃ ሲፈልግ ነጥቡ ይወድቅበታል ብሎ የሚጠብቀው ክልል ነው። መልሱ አጭር ነው። ጥያቄው ግን የቆየ ጸጸቴን ቀሰቀሰብኝ።

ያኔ የምንሠራው ሁለት ሆነን ነበር። ፍለጋው የእኔ፣ ሙከራው የጓደኛዬ። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቃውንቱ ክኑት እና ሙር በ1975 (እ.ኤ.አ.) ስለ አልፋ-ቤታ፣ ማለትም መታየት የማያስፈልጋቸውን እርምጃዎች እየዘለለ ስለሚፈልገው ዘዴ፣ የጻፉትን አንብቤ ፍጥነት ብቻ ነበር የሚታየኝ። አልፋ የመስኮቱ ወለል ነው፣ ቤታ ጣሪያው። ጥልቀቱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ወደፊት የሚያየው የእርምጃ ብዛት፣ በጨመረ ቁጥር ካለፈው ነጥብ ወደ ላይም ወደ ታችም 25 እሰጣለሁ፤ የአንድ ወታደር ሩብ መሆኑ ነው። ያለፈው 30 ከሆነ መስኮቱ ከ5 እስከ 55።

አንድ ማታ ጓደኛዬ የአንድ ጨዋታ ሎግ፣ ፕሮግራሙ በየጥልቀቱ ያወጣው ነጥብ የተመዘገበበትን፣ ይዞ መጣ። 30፣ 5፣ -20፣ -45። «ሁሌ 25 የሚቀንሰው ለምንድነው?» አለኝ። በደንብ እንኳ አላየሁትም። «አጋጣሚ ነው። የተበላሸው ግምገማው ነው» አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ። ተቆጣሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ፍለጋው ጠይቆኝ አያውቅም።

አራት ወር ሙሉ የፈረስ ዋጋ፣ የንጉሥ ደኅንነት እያልኩ የግምገማውን፣ ማለትም ለቦርዱ ነጥብ የሚሰጠውን ክፍል፣ ቁጥር ስነካካ ከረምኩ። እሱ በመሃል ሥራውን ተወው።

ሎጉ በመጣበት ጨዋታ ንግሥቲቱ ልትያዝ ነበር። እውነተኛው ነጥብ ከ-800 በታች ነው። የእኔ ፍለጋ ግን ከወለሉ በታች አይመልስም፤ «5» ሲል «ቢበዛ 5» ማለቱ ነው። እኔ በቃ 5 ነው ብዬ፣ በሱ ዙሪያ አዲስ መስኮት ከፈትኩ። እንደገና ወለሉ ላይ አረፈ። ደግሞም ወለሉን ያለፈ እርምጃ ስለሌለ የትኛው እንደሚሻል አያውቅም። የድሮውን እርምጃ ይዞ ይጫወታል።

ይህን ያወቅኩት ያንኑ ሎግ ሳነብ ነው። ልደውልለት ስልኩን አነሳሁ። አልደወልኩም።

የዛሬ ልጆች ሺህ ጨዋታ አጫውታችሁ ውጤቱን ብቻ ታያላችሁ። አንዱን ጨዋታ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ጠፋ። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ያን ያህል የሚያጫውት ማሽን ቢኖረኝ ስህተቱን እኔም ቀድሜ አገኘው ነበር።

ለጠየቅከኝ ልጅ፦ ነጥቡ ወለሉ ላይ ካረፈ ወለሉን ዝቅ አድርገህ ያንኑ ጥልቀት እንደገና ፈልግ። ጣሪያው ላይ ካረፈ ጣሪያውን ከፍ አድርግ። ነጥብ ስታስቀምጥም ትክክለኛ፣ «ቢያንስ» ወይም «ቢበዛ» መሆኑን አብረህ መዝግብ። ሎጉንም ላክልኝ፤ ነጥቡ ወለሉ ላይ ያረፈበትን መስመር አብረን እንየው።