መልስ፦ ያለ መሣሪያ የልጆችን የአካል ብቃት መለካት

መምህር፣ «በሜትርና በስልክ ብቻ የ4ኛ ክፍል ልጆችን ብቃት እንዴት ልለካ?» ላሉት፣ እኔ የምጀምረው ከ20 ሜትሩ የምልልስ ሩጫ ነው። በ20 ሜትር ርቀት ሁለት መስመር በኖራ ያስምሩና የሩጫውን ፍጥነት የሚመራውን የተቀዳ የምልክት ድምፅ ከስልክ ይልቀቁ፤ ልጆቹ ድምፁ ከመሰማቱ በፊት ሌላኛው መስመር ላይ ይደርሳሉ። ፍጥነቱ በሰዓት ከ8.5 ኪሎ ሜትር ተነስቶ በየደቂቃው 0.5 ይጨምራል። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ መስመሩ ላይ ሳይደርስ ድምፁ የቀደመው ልጅ ያቆማል። ገና ሲጀመር ፈትለክ ብለው የሚወጡት ናቸው ቶሎ የሚደክሙት፤ ስለዚህ አንድ ክፍለ ጊዜ ያለማምዷቸው። ለእግር ጉልበት ቆሞ ወደፊት መዝለል ይበቃል፣ ልኬቱ ከመነሻው መስመር እስከ ኋለኛው ተረከዝ ነው። አዲስ አበባ ከሆኑ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነዎት፤ ከፍታው ሩጫውን ስለሚያከብደው በውጭ አገር ልጆች ውጤት የተሠራውን የማነጻጸሪያ ሰንጠረዥ እንዳለ አይውሰዱ። የልጁን የጥቅምት ውጤት ከራሱ የግንቦት ውጤት ጋር ያስተያዩ። ቁርስ ሳይበላ የመጣውን ግን አያሩጡት፤ ከሩጫው በፊት ቀስ ብለው ይጠይቁ።